ሁዳዴ የጾመው ዝልግልግ

ወንድሜ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ጥሩውን ስልኩን ቤት ትቶ ነው የሄደው። በዚያ ሰሞን ከነቀምቴ በዲጋ በኩል ወጥቶ ወደ ጊምቢና ከጊምቢም ወዲያ የሚጓዝ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። መንገድ ላይ ስልክ ይፈተሻል፤ ፎቶው ይታያል፣ መልእክቱ ይነበባል፣ ፈታሹም ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው ነው። የትኛውን ምን እንደሚያስከፋው አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ መንገደኛው ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ኪሱ ከትቶ ዋናውን ለእናቱ ወይም ለሚስቱ አስረክቦ ይሳፈራል። እኔ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ፣ የልጃቸውን ስልክ ይዘው ይኼ እንዴት ነው የሚከፈተው እያሉ የሚመጡ እናቶችን በየቀኑ አይ ነበር።

ወንድሜ ነርስ ነው። የተመደበበት ጤና ጣቢያ ከጊምቢ በጣም ርቆ ያለ ነው፤ አልሄድም ማለት ይችል ነበር፣ አላለም። ስልኩን ለእናቴ ሲሰጣት አንድ አደራ ጨመረበት። አደራው ስለ ስልኩ ሳይሆን ስልኩ ውስጥ ስለሚኖር ፍጥረት ነው። ስላይሙን በየቀኑ እንድታበላለት፣ ካልበላ እየቀጠነ ሄዶ እንደሚደርቅ ነገራት። እናቴ ይኼን ንፍጥ ነው የማበላልህ ብላ ሳቀችበት።

ንፍጥ ማለቷ ትክክል ነበር። ስላይም ለማያውቀው፣ አጥንት የሌለው፣ እግር የሌለው፣ በሆዱ የሚንሸራተት አረንጓዴ ዝልግልግ አውሬ ነው። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለዚህ ነገር ሲያወራ ጆሮዬን አደንቁሮታል። በብዙ ጌሞች ውስጥ ስላይም የመጀመሪያው ጠላት ነው፤ ጀማሪ ተጫዋች ገና ሰይፍ ሳያገኝ በዱላ የሚጨርሰው፣ ማንም የማይፈራው ምስኪን። በሌሎች ታሪኮች ውስጥ ደግሞ ከጉድጓድ ይወጣና ያገኘውን እየዋጠ ያድጋል፤ በር ቢዘጉበት በሥር ይገባል፣ ሰይፍ ቢሰነዝሩበት ሁለት ይሆናል። ወንድሜ የሚወድለት ይኼን ነበር። የሚሰበር ነገር የለውም ይለኛል። እኔ ሁለቱንም ዓይነት አልወድም፤ ስንት የሚያምር ነገር ባለበት ዓለም ቁጭ ብሎ ልሃጭ ማየት ለእኔ ሥራ መፍታት ነው።

የወንድሜ ስልክ ላይ ያለው ግን አይገደልም። ዋሻ ውስጥ የሚኖር አንድ ስላይም ይሰጥሃል፣ አንተ ታሳድገዋለህ። ከሥር ምግብ ተደርድሯል፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ እንጉዳይ፣ ቅጠል። ሥጋ ሲበላ ይወፍራል፣ ቅጠል ሲበላ ነፍሱን ብቻ ያቆያል። ብዙ ቀን በደንብ ከጠገበ ከመሃሉ ተሰንጥቆ ሁለት ይሆናል ይላሉ። የወንድሜ ግን ሁለት ሆኖ አያውቅም፤ እሱ ራሱ በሥራ ምክንያት ሲረሳው ሲያስታውሰው የኖረ ስለሆነ።

እዚህ ላይ ስለ አዳዳ መናገር አለብኝ። አዳዳ በአፋን ኦሮሞ የአባት እህት ማለት ነው። አባቴ ከወሎ በመምህርነት ተመድቦ ነቀምቴ ሲመጣ እህት ይዞ አልመጣም፤ እህት የሆኑለት በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈራችን ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት ሴትዮ ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላም አዳዳነታቸው አልቀረም። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ በእኛ ጾም እሳቸው ቤት ይጠበሳል፣ እሳቸው ሲዘምሩ እናቴ በአጥሩ ላይ ሆና ድምፃቸውን ታደንቃለች። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የወንድሜ እኩያ፣ የወንድሜ ጥላ።

ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ጌም ቤት ይገቡና ስላይም ሲደበድቡ ይውላሉ። ጌም ቤት መግቢያ ባጡ ቀን ቤት ውስጥ ራሳቸው ይሠሩታል። እናቴ ለጾም የምታዘጋጀውን የተልባ ውሃ ሰርቀው ትንሽ ያቆዩትና ሲዝለገለግ ትሪ ላይ ያፈሱታል፤ ሁለት የቡና ፍሬ ለዓይን ይሰኩበታል። ከዚያ በማንኪያ ሲቆርጡት መልሶ ይገጥማል። እናቴ ስትቆጣ አዳዳ ይመጡና ቡልጉ ነው እንዴ ይላሉ። ቡልጉ በእሳቸው ተረት ውስጥ ሰው የሚበላው ጭራቅ ነው። ተረቱን ሲያወሩ ልጆቹ ይፈሩና ተልባቸውን በሰፌድ ይከድኑታል። ወንድሜና የአዳዳ ልጅ እንደዚህ ነው ያደጉት።

የአዳዳ ልጅ ከወንድሜ ቀድሞ ነው የሄደው። አንድ ቀን ወጣ፣ አልተመለሰም። ወዴት እንደሄደ እኛ አልጠየቅንም፣ አዳዳም አልተናገሩም። በእኛ አገር በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ሰው የጎረቤቱን ሐዘን እያወቀ እንደማያውቅ ሆኖ ይኖራል። አዳዳ የልጃቸውን ስም መጥራት ተዉ። እኛም ተውን።

ወንድሜ ዲጋ ሲደርስ ደወለ፣ ጊምቢ ሲያድር ደወለ፣ ከሥራ ቦታውም በየጊዜው ይደውል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴን ሲያወራት ከጀርባው የሰው ጫጫታ ነበር፤ የተሰለፈ በሽተኛ መሆን አለበት። ቸኩሎ ስለነበር ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ ከዚያ ያንን ነገር አበላሽው ወይ አላት። አዎ ስትለው ተቋረጠ። በማግስቱ በዚያ በኩል ያለው ኔትወርክ በሙሉ ጠፋ። ያ ጥያቄ ለወራት ከልጇ የሰማችው የመጨረሻው ነገር ሆነ።

ሳምንታት ሲያልፉ እናቴ ተለወጠች። ንፍጥ ማለቷን ትታ ልጁ ትለው ጀመር። ልጁ በልቷል፣ ልጁ ዛሬ ደብሮታል። መብራት ሲጠፋ ስልኩን ጄኔሬተር ወዳለው የጉራጌው ነጋዴ ሱቅ ይዛ ትሄዳለች፤ እሱም ምን እንደሆነ ገብቶት ከሁሉ አስቀድሞ ይሰካላታል። እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ። ጌም ነው፣ ቢደርቅ ሌላ ይሰጣሉ አልኳት። የሚመጣ ልጅ ያስቀመጠውን ነገር መጥቶ ማግኘት አለበት፤ ያ ነገር በሕይወት ካለ እሱም አለ፤ በልቧ የያዘችው ይኼ ነበር። አልነገረችኝም፤ ግን ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ከጊዜ በኋላ እኔም ጠዋት ስነሳ ቀድሜ የማየው ስልኩን ሆነ።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ በዚያ ዓመት ልጇ ደህና እንዲመለስላት ለማርያም ተሳለች፤ ጾሙ እስኪፈታ ቤቷ ውስጥ የፍስክ ነገር በማንም አፍ ላይገባ። ማንም ያለችው እኔንም ድመቷንም ይጨምራል። ድመቷ ነገሩ ቶሎ ስለገባት በሁለተኛው ቀን አጥር ዘላ አዳዳ ቤት ገባች፣ እስከ ፋሲካም አልተመለሰችም። ስላይሙ ግን አጥር መዝለል አይችልም።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እናቴ ስላይሙን አስጾመችው። ጠዋት ምንም አይቀምስም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ስትመለስ እሷም እህል ትቀምሳለች፣ ለእሱም እንጉዳይና ቅጠል ትሰጠዋለች። ዓሣው ላይ አንድ ቀን ሙሉ አሰበች፤ ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፣ አይበላም የሚሉ አሉ። በመጨረሻ ስለቴን በአጠራጣሪ ነገር አላበላሽም ብላ ከለከለችው።

ዝልግልጉ መቅጠን ጀመረ። አረንጓዴነቱ ወደ ገረጣ የጎመን ውሃ ዞረ። ድሮ ስክሪኑን ሲነኩት ይዘል ነበር፤ አሁን ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይጨፍናል። ወደ ደብረ ዘይት ሰሞን ከሥሩ ቀይ ምልክት ወጣ። ያ ምልክት ሊደርቅ ነው ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ይዤ እናቴ ፊት ቆምኩ፤ ይሞታል አልኳት፣ አንድ ቁራጭ ሥጋ ብትሰጪው እግዚአብሔር በሥዕል ሥጋ አይቀየምሽም አልኳት። እጇን አጣመረች።

"ለልጄ ብዬ የያዝኩትን ጾም ለልጄ ብዬ ልግደፍ?" አለች።

እናቴ ሁለት አደራ ነበራት፤ አንዱን ልጇ የሰጣት፣ ሌላውን እሷ ራሷ ለልጇ ብላ የገባችበት። አንዱን ብትጠብቅ ሌላው ይፈርሳል። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች፣ እኔም ስልኩን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

የሚገርመው ምልክቱ ጠፋ። በማግስቱ ቀይ የነበረው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ አልታየም። ዝልግልጉ በቅጠልና በእንጉዳይ እየዋለ ሲወፍር አየሁት። እናቴ ማርያም ናት አለች። እኔ ጌሙ ተበላሽቷል አልኩ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ስለሄደ ማሽኑ ቆመ፣ ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት መጣሁ። እናቴ ቅዳሴ ላይ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል። አዳዳ ሳሎን ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ስልኩን ክንዳቸውን ዘርግተው ይዘውታል። በሌላው እጅ አመልካች ጣት ሥጋውን እየነኩ ያበላሉ። የእኔን መምጣት አልሰሙም።

"ኛዹ፣ ኢልመ ኮ፣ ኛዹ" ይላሉ። ብላ፣ ልጄ፣ ብላ።

ድምፃቸው ስላይም የሚያበላ ሰው ድምፅ አልነበረም። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠገባቸው እንድቀመጥ ዱካ ሳቡልኝ። ጾሙ የእናትሽ ነው፣ እኔ ደግሞ ጾመኛ አይደለሁም፣ በእኔ እጅ ቢበላ ስለቷን ምን ይነካዋል አሉኝ። ለእናቴ እንዳልናገር አደራ አሉኝ፤ ካወቀች ዝም ማለት አትችልም፣ ዝም ካላለች ደግሞ መከልከል አለባት። ነገሩን በደንብ አስበውበታል።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ስልኩ የሚከፈተው ነጥቦቹን በጣት በማገናኘት ነው፤ መስመሩን ከወንድሜ፣ ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዴት እንደከፈቱት ጠየቅኳቸው። አዳዳም እናቴ ራሷ እንዳሳየቻቸው ነገሩኝ። በጾሙ መሃል አንድ ቀን አጥሩ ጋ ጠርታቸው፣ ድንገት ብታመም ብላ ደጋግማ አስጠናቻቸው።

በማግስቱ እናቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ዓይኔን አልነቀልኩባትም። ስልኩን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችው። ጠረጴዛው ላይ፣ ዱካው ባለበት በኩል አደረገችው። በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ በሌላ ጊዜ ቁልፍ ሳትቆልፍ ከደጃፍ የማትርቅ ሴት። በአጥሩ በኩል ስታልፍ ወጥቻለሁ ብላ ጮክ ብላ ተናገረች፣ ወዲያ ማዶ ማንም ሳይታይ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሁለቱ ሴቶች ስለ ሥጋው አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም፤ አንዷ ትታ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። እኔም ሦስተኛ ሆኜ ዝም አልኩ።

ፋሲካ ጠዋት እናቴ ለራሷ ከመቁረሷ በፊት ለስላይሙ ሥጋ ልትሰጠው ስልኩን ከፈተች። ዋሻው ውስጥ ሁለት ነበሩ። አንድ ትልቅ፣ አጠገቡ ደግሞ አንድ ትንሽ፣ ዓይኑ ከአካሉ የሚበልጥ። እናቴ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው፣ ሳቅ ያለበት ግን የማይስቅ ፊት ነበራት። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም የማይቀረው ጾም ጾሞ የወለደ የለም አለች።

አዳዳ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። እናቴ አስቀመጠቻቸው፣ አጎረሰቻቸው። ከዚያ ስልኩን አንስታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው፤ ወንድሜ ሲሰጣት እንደተቀበለችው አድርጋ።

"ትልቁ የልጄ ነው፣ አደራ ብሎኛል" አለች። "ትንሹ ያንቺው ልጅ ነው።"

አዳዳ አላለቀሱም። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስታወቱን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ትንሹ የቱ እንደሆነ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ቀስ ብለው የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከሄደ ጀምሮ በቤታችን ውስጥ ያ ስም ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። እናቴ ስሙን ተቀብላ ደገመችው፣ ከዚያ ስለ ተልባው፣ ስለ ቡና ፍሬው፣ ስላበላሹት ትሪ ሁሉ አወሩ። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወጣሁና ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ አዳዳ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። መደበቅ ቀረ። እናቴ ትልቁን ታበላለች፣ እሳቸው ትንሹን። በዓለ ሃምሳ ካለፈ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እናቴ የራሷን ታስጾማለች፣ የአዳዳ ጎረምሳ ሥጋውን ይበላል፤ በአንድ ዋሻ ሁለት ሃይማኖት ሆነ ብዬ ስቀልድባቸው ሁለቱም ይስቃሉ።

ክረምቱ ሲገባ በዚያ በኩል ኔትወርክ ተለቀቀ። ስልኬ ሲጮህ ቁጥሩን አላወቅኩትም፣ ድምፁን ግን በመጀመሪያው ቃል አወቅኩት። እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና ከሁሉ አስቀድማ አለ፣ በሕይወት አለ አለችው። ወንድሜ ስለምን እንደምታወራ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ፤ ያ ነገር አሁንም አለ እንዴ፣ እኔ እኮ ረስቼዋለሁ አለ። እናቴ አብራው ሳቀች፣ ወዲያው ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አጥሩ ማዶ አዳዳ በረንዳቸው ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። እልል አሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ፣ በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት አልመጡም። የእሳቸው ስልክ አልጮኸም። እናቴ ትንሹን አብልታ ስልኩን እንደታቀፈች እስኪመሽ ተቀመጠች።

በማግስቱ መጡ። ኔትወርክ ከተለቀቀ በኋላ መምጣት አላቋረጡም፤ እንዲያውም ቀድመው ይመጡ ጀመር።

ወንድሜ የመጣው መስቀል ሰሞን ነው። ከስቷል፣ ፊቱ ላይ ያላየነው ዕድሜ ወጥቶበታል። ስለዚያ ወራት ብዙ አይናገርም። ሁለተኛ ቀኑ ላይ ከሰዓት በኋላ ስልኩን አንስቶ ሲነካካ ዋሻውን ከፈተው፣ ሁለት ሆኗል ብሎ ተገረመ። ቀጥሎ ስልኩ ሞልቷል፣ ይኼን ላጥፋውና ቦታ ላግኝ አለ። እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ያንተን እንዳሻህ አድርገው አለችው። ሌላው ግን የሰው ነው፣ አትነካውም። የማን ነው ሲላት በአገጯ ወደ አጥሩ አመለከተች።

ወንድሜ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ስላይም የደበደበው፣ ተልባ የሰረቀው ልጅ የት እንዳለ እሱም አያውቅም። ትንሹ ዝልግልግ ስክሪኑ ላይ እየዘለለ ምግብ ይለምናል። ወንድሜ ጣቱን ወደ ሥጋው አስጠጋና መልሶ አነሳው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አዳዳ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ወንድሜን ሳሙት፣ ፀጉሩን ዳበሱት፣ ከስተሃል አሉት። ስለ ልጃቸው ምንም አልጠየቁትም። ዱካቸው ላይ ተቀመጡና ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ብቻ ጠየቁ።

"ኛቴ?" አሉ። በልቷል?

ወንድሜ ተነስቶ ነጥቦቹን አገናኘና ስልኩን ከፈተላቸው፣ ፊታቸው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ሰጣቸው።

"አልበላም፣ አዳዳ" አላቸው። "እናቱን እየጠበቀ ነው።"

አዳዳ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን በምራቃቸው ነካ አድርገው ማበላት ጀመሩ።